በሕልም ሽንት ቤት፥ በውን አልጋ ላይ

ጓደኞቼ፥ በመጽሔታችን ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፣ ስለ ፈተና ውጤትና ስለ ቤተ መጻሕፍት ወንበር እጥረት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ማንም በስሙ ሊጠራው የማይወደውን ጉዳይ ነው። ይኸውም ዐዋቂ ሰው፥ ጢም ያበቀለ ወንድ ወይም ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት፥ ሌሊት በእንቅልፍ ልብ አልጋ ላይ ስለ መሽናት ነው። በተለይም «ሽንት ቤት ገብቼ ስሸና በሕልሜ አየሁ፤ ስነቃ አልጋዬ ርሶ አገኘሁት» ስለሚባለው ነው። መሳቅ የሚፈልግ ካለ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ ከዚያ በኋላ ያንብብ። በየመኝታ ክፍሉ ከሚተኙት መካከል ይኽን ገጽ አጥፎ ለብቻው የሚያነብ ሰው አለና።

የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አግኝቼ አይደለም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ስገባ በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን እንተኛ ነበር። አልጋዎቹ ተደራራቢ የብረት አልጋዎች ሲሆኑ ለእኔ የደረሰኝ የላይኛው ነው። ከቤት ስወጣ እናቴ ከሻንጣዬ ሥር አንድ የታጠፈ ላስቲክ ከታልኝ ነበር፤ ስለ ላስቲኩ እርሷም አልነገረችኝ፥ እኔም አልጠየቅኋትም። በሦስተኛው ሳምንት ግድም ሕልሙ መጣ። ሕልሙ ዘወትር አንድ ዓይነት ነው። ከመኝታዬ እነሣለሁ፤ ኮሪደሩን አቋርጣለሁ፤ የሽንት ቤቱን በር እገፋለሁ፤ ዙሪያዬን እመለከትና «እውነት ነው ወይስ ሕልም?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። «እውነት ነው» ብዬም እመልሳለሁ። ከዚያ እፎይ እላለሁ። መጀመሪያ ሙቀት፥ ቀጥሎ ብርድ ይመጣል፤ ከዚያም ጣራው፥ ከታች የሚያንኮራፋው ጓደኛዬና እኔ እንቀራለን።

ይኽ ነገር ያላጋጠመው ሰው የሚያስጨንቀው እርጥበቱ ይመስለዋል። እርጥበቱ ይታጠባል። እኔን የበላኝ ግን ሌላ ነበር፤ በሕልሙ ውስጥ ጠይቄ፥ አስቤ፥ ወስኜ መሽናቴ ነው። ሳያውቅ የሸና ሕፃን ንጹሕ ነው። እኔ ግን «እሺ፥ አሁን ሽና» ብዬ ለራሴ የፈቀድሁ መሰለኝ፤ ጥፋተኛ ነኝ ብዬም አመንሁ። ስለዚህ እንቅልፍን መፍራት ጀመርሁ። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኮሪደር መብራት ሥር ቆሜ አነባለሁ፤ ቀን በክፍል ውስጥ አንቀላፋለሁ። የአጋማሹ ፈተና ውጤት ሲወጣ እንዴት እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። በመጨረሻ የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ አምጥቼ ሞላሁ፤ «ምክንያት» ከሚለው መሥመር ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ። በዚያ መሥመር ላይ የሚጻፍ ነገር አልነበረኝም። ቅጹ እስከ ዛሬ ከደብተሬ መካከል አለ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። በዓመት በዓል የታረደ በሬ ፊኛ ነፍቶ በግቢ ውስጥ ያንከባለለ ሁሉ ፊኛ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ያውቃል። የሰውም እንዲሁ ነው። ዐዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሽንት ይይዛል፤ አንድ ጠርሙስ ቢራ 330 ሚሊ ሊትር መሆኑን ስታስቡ መጠኑ ይገባችኋል። የመጀመሪያው ስሜት የሚመጣው ግን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው፤ ወደ 150 ወይም 200 ሚሊ ሊትር ሲጠራቀም የፊኛው ግድግዳ መለጠጡን በነርቮች በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰር፥ ከዚያም ወደ አንጎል ያስታውቃል። በአንጎል ግንድ ውስጥ ይኽን የሚቈጣጠር ሥፍራ አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ፍሬድሪክ ባሪንግተን በ1925 በድመቶች ላይ መርምሮ ያሳየው ነውና በስሙ ይጠራል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይኽ ሥፍራ «ልቀቅ» ሲል ፊኛው ይኮማተራል፥ መውጫውን የያዘው ጡንቻም ይፈታል። ከላይ ያለው አንጎል ደግሞ «ቆይ፥ ገና ነው» እያለ ያግደዋል። ልጅ አድጎ ሽንቱን ቻለ የምንለው ይኽ «ቆይ» የሚለው ትእዛዝ ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊትም ሲሠራ ነው።

በሌሊት ሌላም ረዳት አለ። ከአንጎል ሥር ካለችው ትንሽ ዕጢ የሚመነጭ ቫሶፕረሲን የተባለ ሆርሞን በብዙ ሰው ዘንድ ሌሊት ይጨምራል፤ ኩላሊትም ውሃውን ወደ ደም እየመለሰ ጥቂትና ወፍራም ሽንት እንዲሠራ ያዘዋል። ስለዚህ ጤናማ ወጣት ሳይነሣ ያድራል፤ የጠዋቱም ሽንት ቢጫ ይሆናል።

አልጋ ላይ የሚሸና ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱ፥ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ወይም ሦስቱ አንድ ላይ ይጎድሉታል። ኩላሊቱ ሌሊት ብዙ ሽንት ይሠራ ይሆናል፤ ፊኛው ሳይሞላ ይኮማተር ይሆናል፤ ወይም ምልክቱ ወደ አንጎል ደርሶ ሳለ እንቅልፉ አልሰበር ይላል። የመጨረሻው ሁሉም ላይ አለ ማለት ይቻላል፤ የነቃ ሰው ተነሥቶ ይሄዳልና። ከእነዚህ መካከል ስንፍና ወይም ፈሪነት የሚባል ነገር የለም። ቋንቋችን ግን «ሽንታም» ብሎ ፈሪውንም አልጋ ላይ የሚሸናውንም በአንድ ቃል ይሰድባል፤ በሽታውን ጠባይ አድርጎታል። ልጅ ሳለን «በእሳት የተጫወተ ሌሊት ይሸናል» ይሉን ነበር። ይኽ አባባል ስንት ጎጆ ከመቃጠል እንዳዳነ አላውቅም፤ ነገር ግን ሌሊት የሸናውን ልጅ ቀን አጥፍቶ እንደ ነበረ አድርጎ ያስቈጥረዋል።

ደግሞ ብቻችንን አይደለንም። አምስት ዓመት ከሞላቸው ሕፃናት ከመቶው ዐሥራ አምስት ያህሉ ይሸናሉ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከቀሩት መካከል ከመቶው ዐሥራ አምስት ያህሉ ያለ ምንም መድኃኒት ይተዋሉ። ዳሩ ግን ሁሉም አይተዉም። ከዐዋቂዎች መካከል ከመቶው አንድ ወይም ሁለት ያህል ይቀራሉ። ሦስት መቶ ተማሪ በሚያድርበት ሕንጻ ውስጥ እንግዲህ ሦስት ወይም ስድስት ሰው አለ ማለት ነው፤ እያንዳንዱም እርሱ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ በዘርም ይወርዳል። አባትም እናትም በልጅነታቸው ይሸኑ ከነበረ ከመቶ ልጆቻቸው 77 ያህሉ፥ አንዱ ብቻ ከሆነ 44 ያህሉ፥ ሁለቱም ካልነበሩ 15 ያህሉ እንደሚሸኑ በስፋት የሚጠቀሰው ጥናት ያሳያል። በ1995 የዴንማርክ ተመራማሪዎች በአንዳንድ ቤተ ሰቦች ይኽ ጠባይ ከ13ኛው ክሮሞሶም ጋር የተያያዘ መሆኑን አገኙ። እኔም ላስቲኩን ያየሁት ጊዜ እናቴን ብጠይቃት ኖሮ ስለ ታናሽ ወንድሟ የነገረችኝን ሁለት ዓመት ቀድሜ በሰማሁ ነበር።

አሁን ወደ ሕልሙ። ሕልሙ ነው ሽንቱን ያመጣው ወይስ ሽንቱ ነው ሕልሙን ያመጣው?

የመጀመሪያው መልስ የፍሮይድ ነው። የሕልም ፍቺ በተባለው መጽሐፉ፥ ኋላ በጨመረው ክፍል፥ ከአንድ የሃንጋሪ የቀልድ ጋዜጣ ያገኘውን ሥዕል አሳይቷል። ርእሱ የፈረንሳዊት ሞግዚት ሕልም ይባላል። ሞግዚቷ ተኝታ ሳለ ሕፃኑ ሽንቱ መጥቶ ያለቅሳል፤ እርሷ ግን ከመነሣት ይልቅ ሕፃኑን ወደ መንገድ ዳር ወስዳ ስታሸናው ታልማለች። ልቅሶው እየበረታ ሲሄድ በሕልሙ ውስጥ ያለው ሽንት መንገዱን ሞልቶ ወንዝ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባ፥ ቀጥሎ ጎንዶላ፥ ቀጥሎ ባለ ሸራ መርከብ፥ በመጨረሻም ትልቅ የውቅያኖስ መርከብ ይንሳፈፍበታል። በመጨረሻው ሥዕል ሞግዚቷ ነቅታ ሕፃኑ ሲጮኽ ታያለች። ፍሮይድ ይኽን ያመጣው ሕልም የእንቅልፍ ጠባቂ ነው የሚለውን ሐሳቡን ለማስረዳት ነው። ምልክት ሲመጣ ሕልሙ «ተነሥተሃል፥ ሄደሃል፥ ጨርሰሃል» እያለ ተኚውን ያታልላል ማለት ነው። የፍሮይድን ሌላ ትምህርት ሁሉ መቀበል ግድ አይደለም፤ እኔም አልቀበልም። ይኽን ሥዕል ያየሁ ቀን ግን ሰውዬው ኮሪደራችንን የሚያውቀው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከአስተያየት ወደ ሙከራ ተሻገረ። በ1953 በቺካጎ አሴሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ ሊቃውንት በእንቅልፍ ውስጥ ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ክፍል መኖሩን አስታወቁ። ግልጽ ሕልም የሚበዛው በዚህ ክፍል ነው። በሌሊት ውስጥ በየዘጠና ደቂቃው ግድም ይመላለሳል፤ ወደ ንጋት ሲቃረብም ይረዝማል። በ1958 ዲመንትና ዎልፐርት በዚህ ክፍል ላይ ባሉ ተኚዎች ቆዳ ላይ ውሃ ረጩ፤ ለሌሎችም መብራት አበሩ፥ ድምፅ አሰሙ። ቀስቅሰው ሕልማቸውን ሲጠይቁ ውሃው ከመቶ 42 ጊዜ፥ መብራቱ 23 ጊዜ፥ ድምፁ 9 ጊዜ ያህል በሕልሙ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ከሦስቱ ወደ ሕልም ለመግባት የሚቀናው ውሃ መሆኑን ልብ በሉ። ሰውነት የሚሰማውን ሕልም ወስዶ ታሪክ ያደርገዋል። ፊኛ ሲሞላም እንዲሁ ነው፤ ከእናንተ መካከል ከቶ አልጋ ላይ ሸንቶ የማያውቀው እንኳ ሽንት ቤት ፍለጋ ሲዞር፥ በሩ ተቈልፎ ወይም ሰው ተሰብስቦ ሲከለከል ያላለመ ጥቂት ይመስለኛል።

ሦስተኛው እርምጃ ነው እኔን ነጻ ያወጣኝ። በ1960ዎቹ በማርሴይ ጋስቶና ብሮውተን የተባሉ ሐኪሞች አልጋ ላይ የሚሸኑ ሰዎችን የአንጎል ሞገድ ሌሊቱን ሁሉ እየመዘገቡ ተመለከቱ። ሽንቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በሕልሙ ክፍል ሳይሆን ሕልም ከሚያንስበት ከጥልቁ እንቅልፍ ሲወጡ ሆኖ ተገኘ። ተኚው ወዲያው ልብሱ ተቀይሮለት ሲጠየቅ ስለ ሽንት ያለመው አልነበረም። በእርጥቡ እንዲተኛ የተተወው ግን በሚቀጥለው የሕልም ክፍል እርጥበቱን ወደ ሕልሙ ያስገባውና ጠዋት «ስሸና አለምሁ፥ ከዚያ ሸናሁ» ብሎ ይናገራል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ማለት ነው። ብሮውተን ይኽን በ1968 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጣው፤ በእንቅልፍ ልብ መሄድንና የሌሊት ድንጋጤንም ከዚሁ ጋር የመንቃት ሥርዓት መጓደል ብሎ አስተባበራቸው።

በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ሽንቱ በየትኛውም የእንቅልፍ ክፍል ሊመጣ እንደሚችል አሳይተዋል፤ በሕልሙ ክፍልም ጭምር። ስለዚህ ሕልሙ ሁልጊዜ ኋላ ይመጣል ማለት አይቻልም። አንዳንድ ሰው ሽንቱ ከመፍሰሱ በፊት በእርግጥ እያለመ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ግን «ወስኜ ሸናሁ» የሚለው ክስ ይወድቃል። የሞላው ፊኛ ምልክቱን ልኳል፤ የተኛው አንጎል ምልክቱን ወስዶ የሽንት ቤት ታሪክ ሠርቷል፤ የምንወስነውም በዚያ ታሪክ ውስጥ እንጂ በአእምሯችን አይደለም። በሕልሙ ሰው ገድሎ የነቃ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን አይሰጥም።

ይኽ ሳይታወቅ በቀረበት ዘመን ልጆች ተደብድበዋል። አኒማል ፋርምን የጻፈው ጆርጅ ኦርዌል በስምንት ዓመቱ ሴንት ሲፕሪያንስ ወደሚባል አዳሪ ተማሪ ቤት ሲገባ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ። በፈረስ አለንጋ ተገረፈ። ወጥቶ «አላመመኝም» ሲል ስለ ተሰማ እንደገና ተጠርቶ አለንጋው እስኪሰበር ተገረፈ። ከሞተ በኋላ በ1952 በታተመው ድርሰቱ ስለ ሕመሙ ብዙ አያማርርም፤ የሚያነሣው ያለ ፈቃዱ በደረሰበት ነገር ኃጢአተኛ መሆኑን ማመኑን ነው። እኔ ያነበብሁት በማቋረጫ ቅጹ ሳምንት ነበር።

አሁን ወደ ሚደረገው ልምጣ። በመጀመሪያ ልብ በሉ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚሸና ሰውና ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ደርቆ ቆይቶ እንደገና የጀመረ ሰው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት፤ ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላልና። ውሃ ጥም ከበዛ፥ ሽንት ከበዛና ሰውነት ከከሳ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በወጣትነት የሚጀምረው ዓይነት በቶሎ ካልታከመ ይገድላል። ሲሸኑ የሚያቃጥል ከሆነ የሽንት ቧንቧ ቍስለት ነው። በአዋሽ መካከለኛና ታችኛ ሸለቆ ያደገ ሰው ሽንቱ ደም ቢቀላቅል የቢልሃርዚያን ነገር ለሐኪሙ ይንገር። በኃይል የሚያንኮራፋና በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ሽንቱም ሌሊት ይበዛል። ጠዋት ምላሱ ተነክሶ፥ ጡንቻው ዝሎ፥ አልጋው ርሶ የሚነቃ ሰው ደግሞ ሌሊት የሚጥል በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። እግር የሚደነዝዝና ሰገራም የማይያዝ ከሆነ ያን ዕለት መሄድ ነው። የሆድ ድርቀትም ፊኛን እየተጫነ ያስሸናል፤ ይኽን ብዙ ሰው አያስበውም። ለአብዛኛው የመጀመሪያው ምርመራ ጥቂት ሽንት በዕቃ መስጠት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር መጠጥ ነው። እዚህ ላይ የራሳችንን ኑሮ እናውቃለን። ለፈተና ነው ብለን ጫት እንይዛለን፤ ከጫቱ ጋር ውሃውን፥ ሻዩን፥ ለስላሳውን በላይ በላዩ እንጨምራለን፤ ከዚያ «ጨብሲ» ብለን ቢራ እንደግምበታለን። አልኮል ያን ውሃ የሚቈጥበውን ሆርሞን ያዳክመዋል፤ እንቅልፉንም ያከብደዋል። ሁለት ሌሊት ሳይተኛ የከረመ ሰውነት ደግሞ በሦስተኛው እንደ ድንጋይ ይተኛል። ፊኛ ሞልቶ፥ ሆርሞን ጠፍቶ፥ እንቅልፍ ከብዶ ሲገናኙ ከዚህ በፊት ሸንቶ የማያውቀውም ይሸናል። እኔ በኮሪደር ቆሜ የማድረው መድኃኒት መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን በሽታውን እየቀለብሁት ኖሯል።

ውሃ ጨርሶ መተው ግን ስሕተት ነው። ቀኑን በሚገባ ጠጡ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ሰዓቶች ቀንሱ። ቡናና ሻይ ከሰዓት በኋላ ይብቃ። ከመተኛት በፊት መሽናት፥ ጥቂት ቆይቶ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንደገና መሽናት ይጠቅማል። ለሦስት ቀን ያህል የጠጣችሁትንና የሸናችሁትን በመለኪያ ዕቃ እየለካችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ሐኪሙ ከምንም ይልቅ የሚፈልገው ይኽን ወረቀት ነው።

ከሕክምናዎቹ የቆየው ደወሉ ነው። ኦስትሪያዊው የሕፃናት ሐኪም ፕፋውንድለር በ1904 አልጋ ሲረጥብ ለአስታማሚዎች የሚደውል መሣሪያ በሆስፒታል አኖረ፤ የታሰበው አንሶላ ቶሎ እንዲቀየር ብቻ ነበር፤ ልጆቹ ግን መሽናት ተዉ። በ1938 በአሜሪካ ማውረር የተባሉ ባልና ሚስት ይኽንኑ ሕክምና አደረጉት። የመጀመሪያዋ ጠብታ ደወሉን ታስነሣለች፤ ተኚው ነቅቶ ሄዶ ይጨርሳል፤ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ አንጎሉ ደወሉን ቀድሞ መንቃት ይማራል። ከሕፃናት ሲሶ ያህሉ ሲቀር የቀሩት ይደርቁበታል፤ በዐዋቂዎች ላይ የተደረገው ጥናት ጥቂት ነው። ለእኛ ችግሩ ግልጽ ነው፤ ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል ደወል ማስጮኽ አይቻልም። ሳይጮኽ የሚንቀጠቀጥ ዓይነት አለ፤ ማግኘት ከቻላችሁ እርሱን ነው። በስልክ ማንቂያ ሰዓት ሞልቶ መነሣት ያን ሌሊት አልጋውን ያድናል፤ ይኽም ቀላል ነገር አይደለም፤ ነገር ግን አንጎልን እንደ ደወሉ አያስተምርም።

ከመድኃኒቶች ዴስሞፕረሲን የሚባለው በ1967 በፕራግ የተሠራ፥ ያንኑ የሌሊት ሆርሞን የሚመስል ነው። በተወሰደበት ሌሊት የሽንቱን መጠን ይቀንሳል፤ ሲተዉት ብዙ ጊዜ ነገሩ ይመለሳል። ለመስክ ጉዞ ወይም ለእንግድነት ሌሊት ይመቻል። አንድ አደጋ ግን አለው፤ መድኃኒቱን ውጦ ብዙ ፈሳሽ የጠጣ ሰው በደሙ ያለው ጨው ቀጥኖ ራስ ምታት፥ ማስታወክ፥ እስከ መንቀጥቀጥም ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ከመዋጡ 1 ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት በኋላ ድረስ መጠጥ ይገታል፤ ቢራ በጠጡበት ማታ ጨርሶ አይወሰድም። ኢሚፕራሚን ደግሞ ከ1960 ጀምሮ ለዚህ ነገር የሚታዘዝ ነው፤ ሲበዛ ልብን ስለሚጎዳ ዛሬ ወደ ኋላ ተብሏል። ሁለቱንም ከጓደኛ ተቀብላችሁ እንዳትውጡ።

ስለ ሕልሙ ራሱ የማደርገውን ልንገራችሁ። ይኽ የእኔ ልምድ እንጂ የሐኪም ትእዛዝ አይደለም። በሕልሜ «እውነት ነው ወይ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ዘወትር «አዎ» ስለ ነበረ ጥያቄውን ተውሁትና በምትኩ አንድ ሕግ አወጣሁ። የሽንት ቤታችን በር የብረት መያዣ አለው፤ ሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል። ቀንም ሆነ ሌሊት፥ ነቅቼ በሄድሁ ቍጥር ያን ብረት በመዳፌ ጨብጬ ቅዝቃዜው እስኪሰማኝ ሦስት እቈጥራለሁ፤ ያለዚያ አልሸናም። ማታ ስተኛም ይኽንኑ በሐሳቤ እደግመዋለሁ። ከብዙ ሳምንት በኋላ በሕልሜ በሩ ላይ ደርሼ ብረቱን ብይዘው አልቀዘቀዘም። ቆምሁ፤ ነቃሁም። ፊኛዬ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ አንሶላው ግን ደረቅ ነበር። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም፤ ከጥልቁ እንቅልፍ የሚመጣውን አያቆመውም። ለሕልሙ ግን ብዙ ጊዜ ሠርቶልኛል።

እስከዚያው አልጋውን ማዳን ያስፈልጋል። በፍራሹ ላይ ላስቲክ፥ በላስቲኩ ላይ አንሶላ፥ በአንሶላው ላይ ሌላ ላስቲክ፥ በላዩ ሌላ አንሶላ አንጥፉ። ሌሊት ሲረጥብ የላይኞቹን ሁለቱን ጠቅልሎ በከረጢት ከትቶ በታችኛው ደረቅ ላይ መተኛት ነው፤ በጨለማ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ጥቁር ሰማያዊ አንሶላ ከነጭ ይሻላል። የረጠበው ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ከደረቀ በኋላ ሽታውን ማስለቀቅ አስቸጋሪ ነው። ፍራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ላይ ይውጣ፤ ትኋን ነው ብትሉ የሚጠራጠር የለም። ለሌሊት አውቶቡስ ጉዞ የዐዋቂ ዳይፐር መልበስ አያሳፍርም፤ ከሱሪ በታች ማንም አያየውም።

ለክፍል ጓደኞችም አንድ ነገር አለኝ። በዚያ የማቋረጫ ቅጽ ሳምንት ከታችኛው አልጋ የሚተኛው ጓደኛዬ ምሳ በልተን ስንመለስ «እኔ ላይኛው ይሻለኛል፤ ለማንበብ መብራቱ ይቀርበኛል፤ ብንቀያየር ቅር ይልሃል?» አለኝ። ላስቲኬንም ራሱ ከፍራሹ ጋር አጥፎ አወረደው፤ ስለ ላስቲኩ አንዲት ቃል አልተናገረም። ከዚያ ወር ጀምሮ ለእርሱ ብቻ ነገርሁት። ሲሰማ «ዐውቃለሁ» ብሎ ስለ ካልኩለስ ጠየቀኝ። ሌሊት ማንቂያዬ ሲንቀጠቀጥ እኔ ካልሰማሁ ከላይ በእጁ ያነቃኝ ነበር።

አሁንም በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ይመጣብኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ በፈተና ሰሞን ነው። ላስቲኩ ከሻንጣዬ ሥር አለ።

ወደ ክሊኒክ የምትሄዱ፥ በመዝገብ ክፍሉ መስኮት ላይ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ ነገሩን መዘርዘር አያስፈልግም። «የሽንት ሕመም ነው፤ ሐኪሙን ለብቻ ማነጋገር እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ያን የሦስት ቀን ወረቀት አጥፋችሁ በኪሳችሁ ያዙ፤ ሌሊት ውስጥ ስንት ጊዜ፥ በስንት ሰዓት ግድም፥ ከስንት ዓመታችሁ ጀምሮ እንደሆነ፥ ከወላጆቻችሁም ማን እንደ ነበረበት አስቀድማችሁ ጻፉበት። አፋችሁ ቢያያዝ ወረቀቱን ስጡት።